ስድስት ጎን፣ ስምንት ጎን፦ የኤፌክስ ትዊን ሸክላዎችና ዳግም ኅትመቶቻቸው

ኤፌክስ ትዊን በሚለው ስሙ የሚታወቀው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሠሪ ሪቻርድ ዲ. ጄምስ «ሴሌክትድ አምቢየንት ወርክስ ቮልዩም 2»ን በአሳታሚው በዋርፕ በኩል ያወጣው በማርች 1994 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ሙዚቃው ከሁለት ሰዓት ተኩል ያልፋል፤ የታተመው ግን በሦስት ሸክላ፣ በስድስት ጎን ብቻ ነው። ለአንዱ ጎን ወደ 27 ደቂቃ ይደርሰዋል። በደቂቃ 33 ከሲሶ የሚዞር ሸክላ በ27 ደቂቃ ውስጥ 900 ጊዜ ይዞራል፤ መርፌው ከዳር እስከ መሃል የሚሄድበት ስፋት ደግሞ ቢበዛ 86 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ አንዱ ዙር ከቀጣዩ የሚርቀው አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት ነው።

ብዙ ነገር የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ሸክላ ላይ ያለ ድምፅ የመስመሩ ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ነው። ድምፁ ሲጎላ፣ በተለይ ቤዙ ሲወፍር፣ መስመሩ ሰፋ ብሎ ይወዛወዛል፤ ቦታ ካጣ ጎረቤቱን ይነካል። ማስተሩን፣ ማለትም ቅጂዎቹ ሁሉ የሚመነጩበትን የመጀመሪያ ቅርጽ፣ የሚቆርጠው ባለሙያ ያለው አማራጭ ጥቂት ነው፦ አጠቃላዩን ድምፅ ዝቅ ያደርጋል፣ ቤዙን ይቀንሳል፣ አለዚያ አሳታሚውን ሌላ ሸክላ እንዲጨምር ይጠይቃል። 27 ደቂቃ በተጫነበት ጎን ላይ ድምፁን ዝቅ ማድረግ አይቀሬ ነው። አልበሙ አብዛኛው ከበሮ የሌለው በመሆኑ ይህን ይችለዋል፤ ዋጋው የሚከፈለው በሌላ በኩል ነው። አድማጩ የጠፋውን ለማካካስ ማጉያውን ከፍ ሲያደርግ አቧራውም፣ የፕላስቲኩ ሹክሹክታም አብሮ ከፍ ይላል። እንደዚህ ጸጥ ያለ ሙዚቃ ደግሞ ጫጫታ የሚደበቅበት ጥግ የለውም።

ዋርፕ በኦክቶበር 2024 ይህንኑ አልበም 30ኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ አስፍቶ ሲያወጣው ብዙ ሰው ያወራው ስለ ኦክ እንጨት ሣጥኑ ነበር። ሣጥኑ ያምራል፤ ዋናው ዜና ግን ሸክላው አራት መሆኑ ነው። ሁለት ተጨማሪ ትራክ ገብቶበትም በስምንት ጎን ሲካፈል አማካዩ ከ25 ደቂቃ በታች ይወርዳል፤ ለቆራጩ መተንፈሻ ይተርፋል። ቁጥር 19 የሚባለው፣ አድማጮች «ስቶን ኢን ፎከስ» የሚሉት ትራክም በ1994 ሲዲው ላይ ቦታ አጥቶ ሸክላውና ካሴቱ ላይ ብቻ የቀረ ነበር፤ አሁን እዚህ ገብቷል። ለዚያ አንድ ትራክ ሲባል ብቻ የ1994ቱን ሸክላ በውድ ይገዛ የነበረ ሰው አሁን ያ ምክንያት የለውም።

የሸክላ ገበያው የሚሄደው በሌላ ሚዛን ነው። «የመጀመሪያ ኅትመት» ከተባለ ዋጋው ይሰቀላል፤ ዳግም ኅትመት ከሆነ እንደ ሁለተኛ ልጅ ይታያል። የሰብሳቢው ስሜት ይገባኛል፤ በ1992 የታተመ ዕቃ በእጅ መያዝ የራሱ ደስታ አለው። ለመስማት የሚገዛ ሰው ግን ከዓመቱ በፊት ምንጩን ይጠይቅ። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ነው። ድምፁ የተወሰደው ከምንድን ነው? አንዱ ጎን ስንት ደቂቃ ተሸከመ? ማንስ ቆረጠው? የእነዚህን መልስ ያወቀ ገዢ የታተመበትን ዓመት ባያውቅም ብዙ አይጎዳም።

ምንጩ ምን ያህል እንደሚወስን ለማየት ከ«ቮልዩም 2» ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ በ1992፣ ከወጣው «ሴሌክትድ አምቢየንት ወርክስ 85–92» የተሻለ ምሳሌ የለም። ያሳተመው አፖሎ ነው፤ የቤልጅየሙ የአር ኤንድ ኤስ እህት አሳታሚ። የካታሎግ ቁጥሩ ኤ ኤም ቢ 3922 ነው። 13 ትራኮች፣ ወደ 74 ደቂቃ ተኩል፣ በሁለት ሸክላ፤ ለአንድ ጎን 18 ደቂቃ ተኩል ያህል። በዚህ ርዝመት መስመሮቹ በአማካይ 0.14 ሚሊሜትር ይራራቃሉ፤ ለቆራጭ ምቹ ነው። ችግሩ ያለው ከሸክላው በፊት፣ ካሴቱ ላይ ነው። ሥራዎቹ የተቀዱት እንግሊዝ ኮርንዎል ውስጥ፣ ቤት ውስጥ በነበሩ የሙዚቃ መሣሪያዎች፣ በካሴት ላይ ነው። የቴፕ ሹክሹክታ አለበት፤ ቀጭኑ ድምፅ ደብዘዝ ይላል፤ አንዳንድ ቦታ ድምፁ ይዋልላል። ካሴቱን ድመት አበላሽቶታል የሚል ወሬም ለዓመታት አብሮት ይዞራል።

ከዚህ በኋላ «ሪማስተርድ» (ድምፁ እንደገና የተስተካከለ) የሚል ተለጣፊ ምን ሊሠራ ይችላል? ካሴቱ ላይ ያልተቀዳ ቀጭን ድምፅ ከየትም አይመጣም። ባለሙያው ላይኛውን ክፍል ከፍ ቢያደርግ ሃይ ሃቱ (የከበሮው ጸናጽል) ጠራ ይላል፣ ሹክሹክታውም አብሮት ይጠራል። ሹክሹክታውን በሶፍትዌር ቢያጸዳ ደግሞ የመጀመሪያውን ትራክ፣ የ«ኤክስታል»ን፣ ጭጋጋማ መልክ ይገፍፈዋል። ስለዚህ ለዚህ አልበም ፍርዴ አጭር ነው፦ ለመጀመሪያው ኅትመት ብዙ ገንዘብ አትክፈሉ። ንጹሕ፣ መሃሉ ያልሳተ፣ ጥሩ የታተመ ዳግም ኅትመት ካገኛችሁ ከካሴቱ የሚወጣውን ሁሉ አግኝታችኋል።

ገዢዎች ብዙ ጊዜ የካሴቱን ሹክሹክታ የሸክላ ጉድለት መስሏቸው ዕቃውን ይመልሳሉ። መለየቱ ከባድ አይደለም። ሹክሹክታው ትራኩ ሲያልቅ አብሮ ከጠፋ፣ በሁለት ትራኮች መካከል ባለው ባዶ መስመር ላይ ካልተሰማ፣ የካሴቱ ነው። ባዶው መስመር ላይም ከቀጠለ የሸክላው ወይም የፎኖ ማጉያው (ከመርፌው የሚመጣውን ደካማ ድምፅ የሚያጎላው) ነው፤ መርፌውን አንሥታችሁ ማጉያውን በዚያው መጠን ብታዳምጡ የትኛው እንደሆነ ይታወቃል። ቶክ ቶክ የሚለው ደግሞ በአብዛኛው ከካሴት አይመጣም።

ይህን ሁሉ ብዬ አንድ የሚቃረን የሚመስል ነገር ልጨምር። ካሴት እንደገና ቢነበብ አንዳንድ ጊዜ ከበፊቱ የበለጠ ይሰጣል። የካሴት ማጫወቻው ራስ ማዕዘን ቴፑ ከተቀዳበት ማዕዘን ጋር ካልገጠመ ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋል፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በችኮላ የተገለበጠ ቴፕ እዚያው ላይ ያለውን ሳይሰጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የ«ዲጀሪዱ»ን ነገር ተመልከቱ። በ1992 በአር ኤንድ ኤስ፣ በቁጥር አር ኤስ 9201 የወጣ ባለ 12 ኢንች (ጥቂት ትራክ ብቻ የያዘ ሸክላ) ነው። አር ኤንድ ኤስ በ2024 አስፍቶ ሲያወጣው ከቀድሞዎቹ ትራኮች ጎን «ሲ አር 7 ኢ» የሚል ምልክት ያላቸው ቅጂዎች አስገባ። ሲ አር 7 ኢ የናካሚቺ ካሴት ማጫወቻ ሞዴል ነው፤ ካሴቶቹ እንደገና የተነበቡት በእሱ ነው። አሳታሚ የቴፕ ማጫወቻውን ስም ከትራኩ ርዕስ ጎን ሲጽፍ ምንጩን በግልጽ እየተናገረ ነው። ከማንኛውም «ሪማስተርድ» ተለጣፊ ይልቅ እንዲህ ያለውን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ቆረጣው። ቆራጩ የአሉሚኒየም ሳህን ላይ የተቀባ ላከር ላይ በጋለ ቢላ መስመሩን ይቀርጻል። ላከሩ በብር ይረጫል፤ ከዚያ በኒኬል መታጠቢያ ውስጥ ተገልብጦ አባት፣ እናት፣ በመጨረሻም ስታምፐር የሚባሉት ቅርጾች ይወጡለታል። ስታምፐሩ በ150 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሞቀ ፒ ቪ ሲ ላይ በ100 ቶን ገደማ ኃይል ይጫናል፤ አንዱ ሸክላ በግማሽ ደቂቃ ገደማ ያልቃል። አንድ ስታምፐር ከ1,000 ሸክላ ብዙም ሳያልፍ ይደክማል። ይህ በተግባር ቁም ነገር አለው፦ የአንድ ኅትመት ሁለት ቅጂዎች አንዱ በአዲስ ስታምፐር፣ ሌላው በደከመ ስታምፐር ሊታተሙ ይችላሉ። በድረ ገጽ ላይ አንዱ «ድንቅ»፣ ሌላው «አሰቃቂ» ሲል የምታዩት ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

ለላከሩ አማራጭም አለ፤ በቀጥታ በመዳብ ላይ መቁረጥ። በፌብሩዋሪ 2020 ካሊፎርኒያ ባኒንግ የነበረው የአፖሎ ማስተርስ ፋብሪካ ሲቃጠል (ከሙዚቃ አሳታሚው አፖሎ ጋር ስም እንጂ ሌላ ዝምድና የለውም) ለዓለም ላከር የሚያቀርብ ዋና ፋብሪካ ጃፓን ያለው ብቻ ቀረ፤ ያኔ ብዙ አሳታሚ ፊቱን ወደ መዳቡ አዞረ። በመዳብ የተቆረጠው ጸጥ ያለ፣ ለረዥም ጎን የሚመች ነው፤ አንዳንዱ ጆሮ ቀጭኑን ድምፅ ይበዛበታል። ለአምቢየንት፣ ማለትም እንደ «ቮልዩም 2» ላለ ጸጥ ያለ ሙዚቃ፣ መዳቡን፣ ከበሮ ለሚበዛበት አጭር ጎን ላከሩን እመርጣለሁ፤ ይህ ግን ምርጫ እንጂ ሕግ አይደለም።

ቴክኖ፣ ከበሮ የበዛበት የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ፣ ለቆራጭ ቀላል ዕንግዳ አይደለም። በግራና በቀኝ የተለያየ ቤዝ መርፌውን ወደ ላይና ወደ ታች ያዘልለዋል፤ ስለዚህ ባለሙያው ከ150 ኸርዝ አካባቢ በታች ያለውን ሁለቱን ጎን አንድ ያደርጋል። ሃይ ሃትና ሌላው ስለታም ድምፅ በሌላ በኩል ያስቸግራል፦ ቤዙ ሲቆረጥ እንዲቀንስ፣ ቀጭኑ እንዲጨምር በተወሰነ ስምምነት፣ አር አይ ኤ ኤ በሚባለው፣ ስለሚሠራ በ20 ኪሎ ኸርዝ ጭማሪው 20 ዴሲቤል ይጠጋል። ሃይ ሃቱ ያኔ የመቁረጫውን ራስ ያግለዋል፤ መርፌውም ሊከተለው የማይችለው መስመር ይፈጠራል። እቤት የምትሰሙት «ጽጽጽ» የሚል የተሰባበረ ድምፅ አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው።

ሌላው ምክንያት ቦታው ነው። በ33 ከሲሶ ዙር መርፌው ሥር የሚያልፈው መስመር ዳር ላይ በሴኮንድ 51 ሴንቲሜትር ይሄዳል፤ መሃሉ አጠገብ ሲደርስ 21 ብቻ ይቀረዋል። ያው ሃይ ሃት ከግማሽ ባነሰ ርቀት ውስጥ መጨመቅ አለበት። በ45 ዙር ግን መሃሉ አጠገብም 28 ይሆናል። የዳንስ ሙዚቃ ባለ 12 ኢንቾች በ45 ዙር፣ በአንድ ጎን አንድ ወይም ሁለት ትራክ ይዘው የሚወጡት ለዚህ ነው፤ የስድስት ደቂቃ ትራክ ብቻውን ጎኑን ቢይዝ መስመሮቹ ከ0.3 ሚሊሜትር በላይ ተራርቀው ሊቀረጹ ይችላሉ። ዳግም ኅትመት ስትገዙ መጀመሪያ በሦስት ባለ 12 ኢንች የወጡ ትራኮች በአንድ ሸክላ ተሰብስበው ከሆነ «ተመችቶኛል» ከማለታችሁ በፊት ደቂቃውን ደምሩ።

ማን እንደቆረጠው የሚነግራችሁ ሙዚቃው ካለቀበት እስከ መሃሉ ወረቀት ባለው ባዶ ቀለበት ላይ የተጫረው ጽሑፍ ነው። መብራት ወደ ጎን አዘንብላችሁ ተመልከቱ። የካታሎግ ቁጥሩ፣ የጎኑ ፊደል፣ የቆረጣው ተራ ቁጥር፣ አንዳንዴ የፋብሪካው ምልክት ይኖራል። ብዙ የብሪታንያ ሸክላዎች ላይ «ኤ ፖርኪ ፕራይም ከት» የሚል ታገኛላችሁ፤ የጆርጅ ፔካም ፊርማ ነው። የመሃሉን ወረቀትና ሽፋኑን እንደ ቀድሞው አስመስሎ ማተም ቀላል ነው፤ የዳግም ኅትመት ቀለበት ግን አዲስ ከተቆረጠ አዲስ ጽሑፍ ይይዛል። ዲስኮግስ በተባለው የሸክላ መዝገብና ገበያ ድረ ገጽ ላይ ሻጩ የለጠፈው ፎቶ የገጹ መዝገብ የጋራ ፎቶ ሊሆን ስለሚችል የሁለቱንም ጎን ቀለበት ፎቶ ጠይቁ። ፎቶ ለመላክ የሚያንገራግር ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

የሐሰት ኅትመት ሌላ ጣጣ ነው። የወረቀቱ ፊደላት ጠርዝ ደብዘዝ ካለ፣ የሽፋኑ ሥዕል ከሽፋን ላይ በስካነር የተነሣ የሚመስል የነጠብጣብ ሞገድ ካለው፣ ቀለበቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ከመዝገቡ ጋር ካልገጠመ ጠርጥሩ። ሸክላው እጃችሁ ከገባ በኮምፒውተር ቅዱትና ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ሶፍትዌር ስፔክትሮግራሙን (የድምፁን ድግግሞሾች የሚያሳየውን ሥዕል) ክፈቱ። ጥራቱ ዝቅ ካለ (128 ኪሎ ቢት) ኤም ፒ 3 ፋይል የተሠራ ሐሰተኛ ከሆነ ሙዚቃው ብዙ ጊዜ 16 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከላይ የሚቀረው የሸክላው ጫጫታ ብቻ ነው። እዚህ ላይ የ«85–92» ወጥመድ አለ፦ ካሴትም ላይኛውን ድምፅ ያጣል፣ ግን ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ነው። ግድግዳና ዳገት አይምታታባችሁ። (ስፔክትሮግራሙን ከከፈታችሁ አይቀር የ1999ኙ «ዊንዶውሊከር» ሁለተኛ ትራክ፣ ርዕሱ የሒሳብ ቀመር የሆነው፣ መጨረሻው አካባቢ የጄምስን ፊት ደብቋል፤ የድግግሞሹን መለኪያ ሎጋሪዝማዊ ማድረግ ያስፈልጋል።)

ከዚህ ሰውዬ ሥራዎች ውስጥ ዳግም ኅትመት የማይመልሰው ጥያቄም አለ። «አናሎርድ» የተባለው ተከታታይ በራሱና በግራንት ዊልሰን ክላሪጅ አሳታሚ በሬፍሌክስ፣ በዋናነት በ2005፣ በ11 ባለ 12 ኢንች ወጣ። ቀድሞ የወጣው ቁጥር 10 ነው፤ ሌሎቹን እየገዙ የሚሞሉት የቆዳ መሳይ አቃፊም አብሮት ተሸጠ። ዛሬ አቃፊው ራሱ የሰብሳቢ ዕቃ ሆኗል። ለማድመጥ ብቻ ከሆነ በ2006 የወጣው «ቾዝን ሎርድስ» ሲዲ ምርጦቹን ይዟል፤ የአናሎርድ ጥሩነት ግን አጫጭር ጎኖቹ ላይ ነውና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ያለ አቃፊው መግዛት ከሁሉም የሚያዋጣ ይመስለኛል።

«ኮስቲክ ዊንዶው» የተባለው አልበም ደግሞ ጭራሽ ሳይታተም ቀረ። በ1994 ለሬፍሌክስ፣ በቁጥር ካት 023፣ ጥቂት የሙከራ ሸክላዎች ብቻ ተጫኑ። የሙከራ ሸክላ ማለት ፋብሪካው ዋናውን ኅትመት ከመጀመሩ በፊት አሳታሚው ሰምቶ እንዲያጸድቅ የሚልከው ነጭ ወረቀት ያለው ቅጂ ነው። በ2014 አንዱ ለሽያጭ ሲቀርብ አድናቂዎች ኪክስታርተር በተባለው የመዋጮ ድረ ገጽ ገንዘብ አዋጥተው፣ ከጄምስና ከሬፍሌክስ ጋር ተስማምተው ገዙት፤ ዲጂታል ቅጂውን ላዋጡት አከፋፈሉ። ሸክላው ራሱ በኢቤይ ጨረታ 46,300 ዶላር አወጣ፤ ገዢው ማይንክራፍት የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ፈጣሪ ማርከስ ፐርሰን ነው። ከገቢው ለድንበር የለሽ ሐኪሞች ጭምር ተከፍሏል። የሙከራ ሸክላ ግን ዋጋው ከብርቅነቱ ነው፤ ከጥሩ መደበኛ ኅትመት የተሻለ ድምፅ የሚሰጥበት አጠቃላይ ምክንያት የለም።

የመድረክ ሸክላዎችም አሉ። በዲሴምበር 2016 ሂዩስተን በዴይ ፎር ናይት ፌስቲቫል፣ በጁን 2017 ለንደን በፊልድ ዴይ፣ ጄምስ በተጫወተበት ቀን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ብቻ የተሸጡ። ወዲያው ዋጋቸው ሰማይ ነካ። እነዚህና መሰሎቻቸው በዲሴምበር 2024 «ሚውዚክ ፍሮም ዘ መርች ዴስክ» በሚል ዲጂታል ስብስብ ወጥተዋል። ሙዚቃውን ለፈለገ ጉዳዩ ተዘግቷል።

ሸክላው እቤት ሲደርስ የሚታዩ ጉድለቶች ላይ ልቆይ፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። የመጀመሪያው የመሃል ቀዳዳ መሳት ነው። ቀዳዳው ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ቢስት ዳር ላይ የድምፁ ከፍታ በ0.34 በመቶ፣ መሃሉ አጠገብ በ0.83 በመቶ ከፍና ዝቅ ይላል፤ የኋለኛው ከአንድ ግማሽ ድምፅ ሰባተኛው ያህል ነው። በየ1.8 ሴኮንዱ፣ በእያንዳንዱ ዙር ይደጋገማል። ከበሮ ላይ ማንም አያስተውለውም። የ«ቮልዩም 2» ዓይነት ለደቂቃዎች የሚዘረጋ ድምፅ ላይ ግን ባሕር ላይ እንዳለ ጀልባ ያወዛውዛል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የማጫወቻውን ክንድ እዩት። ሸክላው በዞረ ቁጥር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከተመላለሰ ቀዳዳው ስቷል። ወደ ላይና ወደ ታች ከሆነ የሚሄደው ሸክላው ተጣሟል፤ መርፌው እስካልዘለለ ድረስ ትንሽ መጣመም ብዙም አያስጨንቅም። የሳተ ቀዳዳን ቀዳዳ በማስፋት ለማስተካከል አትሞክሩ፤ መልሱት።

ሁለተኛው ያልተሞላ መስመር ነው። ፒ ቪ ሲው ሳይሞቅ ወይም ቸኩሎ ከተጫነ ወደ መስመሩ ጥግ አይገባም። በመብራት ሥር አንድ ቅስት ላይ የተበተነ ነጠብጣብ ይታያል፤ ሲጫወት ጨርቅ እንደሚቀደድ ያለ ድምፅ ለጥቂት ሴኮንድ በየዙሩ ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጎን፣ በአንድ ቻናል። የቱንም ያህል ቢታጠብ አይለቅም። ሻጩ «ቆሻሻ ነው፣ እጠቡት» ቢላችሁ አትስሙት፤ በስልክ ቅዱና ከፎቶው ጋር ላኩ።

180 ግራም የሚለውን ተለጣፊ በተመለከተ፦ ክብደቱ መስመሩን አይነካውም። ከባድ ሸክላ ለመጣመም ትንሽ ሊቸገር ይችላል፤ በደንብ ካልቀዘቀዘ ግን እሱም ይጣመማል። በደንብ የታተመ 140 ግራም ይበቃል። ቀለማም ሸክላ ደግሞ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ሁለት ሦስት ቀለም የተረጨበት ግን ጫጫታ የማብዛት ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ ለአምቢየንት ጥቁሩን ውሰዱ። ሥዕል ያለባቸው ሸክላዎች ሥዕሉን በሸፈነ ስስ ፕላስቲክ ላይ ስለሚታተሙ ከሁሉም ይበልጥ ይጮኻሉ፤ ለግድግዳ ጥሩ ናቸው።

መርፌው ላይ ከመስገብገብ መሃሉ አጠገብ ያለው ትራክ ላይ መፈተን ይሻላል። ክብ ጫፍ ያለው የዲጄ መርፌ ለመደባለቅ ጠንካራ ነው፤ መሃሉ አጠገብ ያለውን የተጨመቀ ሃይ ሃት ግን አያነብም። ሞላላ ጫፍ ይሻላል። ኦርቶፎን 2 ኤም ሬድን የመሰለ ካርትሪጅ (መርፌውን የሚይዘው ክፍል) በ1.8 ግራም ጫና ይሠራል፤ ጫናውን በርካሽ ዲጂታል ሚዛን ለኩት፣ የክንዱን ቁጥር ብቻ አትመኑ። ብዙ ሰው መስመሩን እንዳይጎዳ እያለ ጫናውን ይቀንሳል፤ ይህ ግልባጭ ነው፤ ጫናው ያነሰ መርፌ በጎላ ድምፅ ላይ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ነው መስመሩን የሚበላው።

አዲስ ሸክላም ቢሆን ከፋብሪካ የወረቀት ብናኝና የመጫኛ ቅሪት ይዞ ይመጣል። ደረቅ የካርቦን ብሩሽ ለየቀኑ ይበቃል። ለማጠብ አንድ እጅ አይሶፕሮፒል አልኮል በአራት እጅ የተጣራ ውኃ፣ ከዚያ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ ሽታ የሌለው ሳሙና፤ በለስላሳ ጨርቅ መስመሩን ተከትሎ መዞር፣ በንጹሕ የተጣራ ውኃ ማለቅለቅ፣ ቆሞ እንዲደርቅ መተው። የመሃሉን ወረቀት አታርጥቡ። የቧንቧ ውኃ ሲደርቅ ማዕድን መስመሩ ውስጥ ትቶ ይሄዳል። የድሮ 78 ዙር ሸክላ ያላችሁ ግን ይህን ድብልቅ አታስነኩት፤ ያ ሼላክ ነው፣ አልኮል ያሟሟዋል።

ስለ ማስላክ። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ያላችሁ ከብሪታንያ ስታዝዙ ከጁላይ 2021 ጀምሮ ዋጋው ቢያንስም ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨመርበታል፤ የሸክላው ሻጭ ጀርመን ወይም ኔዘርላንድስ ከሆነ ይህ አይመጣም። አሜሪካ ከ800 ዶላር በታች ላለ ዕቃ የነበረው የቀረጥ ነፃነት በኦገስት 2025 ማብቂያ ተነሥቷል፤ ዲሲና አካባቢው ያላችሁ አንድ ሸክላ ለብቻው ከለንደን ከማስመጣት እዚያው ያለ ሻጭ መፈለግ ሊያዋጣችሁ ይችላል። ባሕረ ሰላጤ አገራት ላላችሁ ዋናው ሥጋት ሙቀት ነው፤ ፒ ቪ ሲ ከ60 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ይላላል፣ በጋ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። እሽጉን ከፖስታ ቤት እንደተረከባችሁ ቀጥታ ወደ ቤት ውሰዱት። ለማንኛውም ሻጭ ሸክላው ከሽፋኑ ወጥቶ፣ ከኋላው ተቀምጦ፣ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መካከል እንዲላክ ጻፉለት። ውስጥ ሆኖ ከተላከ በየመንገዱ በተወረወረ ቁጥር የሽፋኑን ስፌት ይቀድደዋል፤ የሦስትና የአራት ሸክላ አልበሞች ደግሞ ክብደታቸው ይህን ያፋጥነዋል።